ከዐቃቤ ሕግነት እስከ ዳኝነት፤ የወይዘሮ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር የሥራና የቤት ታሪክ

ስለ ቤትና ስለ ቤተ ሰብ በሚነገርበት በዚህ ገጽ ላይ ስለ አንዲት የአሜሪካ የሕግ ሰው መጻፋችን ለአንዳንድ አንባቢዎቻችን እንግዳ ነገር መስሎ ይታያቸው ይሆናል። ነገር ግን የወይዘሮ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ታሪክ የመንግሥቱ ሥራ ከቤቱ ሥራ ተለይቶ ሊነገር የማይቻልበት ታሪክ ነው። እኒህ ወይዘሮ በ1981 ዓ.ም. በተባበሩት የአሜሪካ መንግሥታት ጠቅላይ ፍርድ ቤት ወንበር ላይ የተቀመጡ የመጀመሪያዪቱ ሴት ዳኛ መሆናቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። ከዚያ በፊት ግን ዐቃቤ ሕግ፥ ቀጥሎም የአሪዞና ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት አባል እንደ ነበሩ የሚያስታውስ ጥቂት ነው። እኛ ለታላቁ ዳኝነት ያበቃቸው ይኸው ብዙ ያልተነገረለት ዘመን ነው ብለን ስለምናምን፥ ሰፋ አድርገን የምንናገረው ስለዚያ ዘመን ይሆናል። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም አስቀድመን እናስታውቃለን።

ወይዘሮ ሳንድራ የተወለዱት በመጋቢት ወር 1930 ዓ.ም. በቴክሳስ ግዛት በኤል ፓሶ ከተማ ነው። አባታቸው አቶ ሃሪ ዴይና እናታቸው ወይዘሮ አዳ ሜይ በአሪዞናና በኒው ሜክሲኮ ወሰን ላይ ሌዚ ቢ የሚባል የከብት ርቢ ርስት ነበራቸው። የርስቱ ስፋት ከ160,000 ኤከር በላይ ነበር፤ ይህም በእኛ አገር ልክ ቢቈጠር ከ1,500 ጋሻ የማያንስ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ አንባቢዎቻችን ስፋቱን ሰምተው ለምለም መስክ አይምሰላቸው። ምድሩ ደረቅ በረሓ፥ ዝናሙ ጥቂት፥ ሣሩም ስስ ስለ ሆነ ለአንዲት ላም ብዙ መሬት ያስፈልጋት ነበር። አብዛኛውም ከመንግሥት በኪራይ የተያዘ ነበር። ሕፃኒቱ ሰባት ዓመት እስኪሆናቸው ድረስ በቤታቸው የኤሌክትሪክ መብራትም የቧንቧ ውሃም አልነበረም። ፈረስ መጋለብን፥ ጠመንጃ መተኮስንና መኪና መንዳትን የተማሩት ገና በልጅነታቸው ነው።

ወይዘሮዪቱ ከወንድማቸው ጋር ሆነው በ2002 ዓ.ም. ባሳተሙት ስለዚሁ ርስት በሚናገረው መጽሐፍ ውስጥ የሚገኝ አንድ ታሪክ አለ። አንድ ቀን ልጅቱ ከብት ለሚሰበስቡት ሠራተኞች ምሳ ጭነው ብቻቸውን በካሚዮን ሲሄዱ በመንገድ ላይ ጎማው ተነፈሰባቸው። ሰው ከሌለበት ምድረ በዳ ላይ ክሪክ አስገብተው መኪናውን አነሡ፤ ብሎኑ ዝጎ እንቢ ቢላቸው በእግራቸው ቆመውበት በብዙ ድካም ፈቱትና ጎማውን ለውጠው ሄዱ። ከሥፍራው ሲደርሱ ግን ሰዓቱ አልፎ ስለ ነበር አባታቸው ዘገየሽ አሉአቸው። ጎማው እንደ ተነፈሰ ቢነግሩአቸውም፥ እንዲህ ያለ ነገር ሊያጋጥም እንደሚችል አስበሽ ማልደሽ መነሣት ነበረብሽ የሚል መልስ ሰጡአቸው። አባትየው ምስጋናን መንፈጋቸው ለእኛ ትንሽ የከበደ መስሎ ታይቶናል። ልጅቱ ግን ምክንያት ማቅረብን ከዚያን ቀን ጀምሮ እንደ ተዉት የኋላ ሥራቸው ያሳያል።

በርስቱ አጠገብ ደኅና ትምህርት ቤት ስላልነበረ በኤል ፓሶ ከአያታቸው ዘንድ ሆነው ተማሩ፤ በናፍቆትም ብዙ ተቸገሩ። በ16 ዓመታቸው በካሊፎርንያ ወደሚገኘው ወደ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ገብተው በ1950 ዓ.ም. በኢኮኖሚክስ ትምህርት፥ በ1952 ዓ.ም. ደግሞ በሕግ ትምህርት ተመረቁ። በሕግ ክፍላቸውም ውስጥ ከግንባር ቀደሞቹ አንዷ ነበሩ። ዊልያም ሬንኲስት፥ ኋላ የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት የሆኑት፥ በዚያው ክፍል አብረው የተማሩ ከመሆናቸውም በላይ እንድታገባኝ ብለው በደብዳቤ ጠይቀዋቸው ነበር። እሳቸው ግን ለትምህርት ቤቱ የሕግ መጽሔት ጽሑፍ ሲያርሙ የተዋወቁአቸውን አቶ ጆን ኦኮነርን መረጡ፤ በታኅሣሥ ወር 1952 ዓ.ም. በዚያው በአባታቸው ርስት ላይ ተጋቡ።

ከዚህ በኋላ የመጣው ነገር የዛሬ ልጆቻችን ሲሰሙት የማያምኑት ነው። ይህን ያህል ተምረው የተመረቁት ወይዘሮ ከ40 የማያንሱ የጠበቆች ድርጅቶች ዘንድ ሥራ ቢጠይቁ፥ ሴት በመሆናቸው ብቻ የሚቀበላቸው ጠፋ። በሎስ አንጀለስ የነበረ አንድ ስመ ጥር ድርጅት ብቻ፥ የጽሕፈት መኪና መምታት የሚያውቁ እንደ ሆነ ምናልባት ጸሐፊ አድርጎ ሊቀጥራቸው እንደሚችል ነገራቸው። ከ29 ዓመት በኋላ ለጠቅላይ ፍርድ ቤት መታሰባቸውን በቴሌፎን ያበሠሩአቸው የአሜሪካ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ዊልያም ፍሬንች ስሚዝ የዚያው ድርጅት ባልደረባ የነበሩ ሰው ናቸው። ወይዘሮ ሳንድራም ይህን ነገር በኋላ ዘመን እያነሡ ይስቁበት ነበር።

በዚያን ጊዜ ግን ነገሩ የሚያስቅ አልነበረም። በካሊፎርንያ የሳን ማቴዎ አውራጃ ዐቃቤ ሕግ ከዚህ በፊት አንዲት ሴት የሕግ ሰው አሠርተው እንደ ነበር ሰምተው ሄዱባቸው። ዐቃቤ ሕጉ በአክብሮት ተቀብለው ካነጋገሩአቸው በኋላ፥ ለጊዜው ደመወዝ የሚከፈልበት ቦታ እንደሌለ፥ የሚቀመጡበትም ክፍል እንደማይገኝ ነገሩአቸው። እሳቸው ግን እስኪገኝ ድረስ ያለ ደመወዝ እሠራለሁ፥ ጸሐፊዪቱም ብትፈቅድ በእርሷ ክፍል ጠረጴዛ አስገብቼ እቀመጣለሁ ብለው በደብዳቤ አመለከቱ። ጸሐፊዪቱ ፈቀደች፤ ሥራውም ተጀመረ። ጥቂት ወራትም ቆይቶ አንድ ሠራተኛ ሲለቅ ደመወዝ ተቈረጠላቸው።

በዚህ ላይ ጥቂት ቆም ብለን ሐሳባችንን መግለጽ እንወዳለን። በነጻ ማሠራት የሚመሰገን ልማድ አይደለም፤ ወንድ ቢሆኑ ኖሮ ማንም በነጻ ሥራ ባላላቸው ነበር። ነገር ግን ወይዘሮ ሳንድራ የግል ጠበቆች በር ሲዘጋባቸው በመንግሥት በር በመግባታቸው ያተረፉት ትልቅ ነገር አለ። በግል ጠበቃ ዘንድ የሚሠራ ወጣት ብዙ ዓመት ለሌላ ሰው ወረቀት ሲያገላብጥ ይኖራል። በዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ለአውራጃው ሹማምንት ሕጉ እንዲህ ይላል ብሎ በራስ ስም አስተያየት መስጠት ያስፈልጋል። በኋላ ዘመን ያንን ሥራ እጅግ እወደው ነበር ማለታቸው ስለዚህ ይመስለናል።

ባለቤታቸው ለውትድርና በተጠሩ ጊዜ አብረው ወደ ጀርመን አገር ሄደው እስከ 1957 ዓ.ም. ድረስ በፍራንክፈርት ለአሜሪካ ጦር ሠራዊት የስንቅና የዕቃ ግዢ ክፍል በሕግ ሰውነት አገለገሉ። ከዚያም ተመልሰው በአሪዞና ዋና ከተማ በፊንክስ ተቀመጡ። በዚያው ዓመት የመጀመሪያ ልጃቸው ስኮት ተወለደ። በ1960 ብራየን፥ በ1962 ደግሞ ጄይ ተከተሉት። ወይዘሮዪቱ ከአንድ ወጣት ጠበቃ ጋር ሆነው በከተማው ዳር በሱቆች መካከል አንድ ትንሽ የጥብቅና ቢሮ ከፍተው የመጣውን ነገር ሁሉ፥ የኪራይም የዕዳም የጋብቻም ክርክር፥ ይቀበሉ ነበር።

ሁለተኛው ልጅ በተወለደ ጊዜ ግን ልጆቹን የምትጠብቅላቸው ሴት ወደ ሌላ አገር ሄደችባቸው፤ ሌላ የምትታመን ሞግዚትም አጡ። እንግዲህ ሥራውን ትተው ከቤት ተቀመጡ። አምስት ዓመት ያህል እንዲህ ሆነው ሲኖሩ፥ ከእንግዲህ ወዲያ ሕግ ያውቃሉ ብሎ የሚቀጥረኝ አላገኝም የሚል ሥጋት እንደ ነበረባቸው ራሳቸው ተናግረዋል። ይህ ሥጋት ለብዙ የተማሩ እናቶች የታወቀ ነው። ቢሆንም በእነዚያ ዓመታት እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም፤ በበጎ አድራጎት ማኅበሮችና በከተማው ልዩ ልዩ ኮሚቴዎች፥ በፖለቲካ ማኅበራቸውም በሪፐብሊካን ፓርቲ ውስጥ እየሠሩ የከተማውን ሰው ሁሉ ዐወቁ። ኋላም ለምክር ቤት አባልነት ባሰቡአቸው ጊዜ ማን ናት ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በ1965 ዓ.ም. ወደ ሥራ ተመልሰው የአሪዞና ግዛት ረዳት ዐቃቤ ሕግ ሆኑ። እዚህ ላይ ለአንባቢዎቻችን ማስረዳት የሚገባን፥ በአሜሪካ እያንዳንዱ ግዛት የራሱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት፥ የራሱ ፍርድ ቤትና የራሱ ዐቃቤ ሕግ ያለው መሆኑን ነው። የዐቃቤ ሕጉ ሥራ ወንጀለኛን መክሰስ ብቻ አይደለም፤ ለመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ሁሉ ጠበቃና መካሪም እርሱ ነው። ለአዲሲቱ ረዳት መጀመሪያ የተሰጣቸው ቦታ በግዛቱ የአእምሮ ሕሙማን ሆስፒታል ውስጥ ነበር፤ ምን እንደሚያደርጉአቸው ግራ ስለ ገባቸው ነው ይባላል። ሆኖም እዚያም የሕሙማኑን ሕጋዊ ጉዳይ ፈር አስያዙ። ከጥቂት ጊዜም በኋላ ያለ እሳቸው የማይሆን ደረጃ ላይ እንደ ደረሱ ባዩ ጊዜ፥ ለልጆቻቸው ጊዜ ያገኙ ዘንድ ሰዓታቸው እንዲቀነስላቸው ጠየቁ፤ ተፈቀደላቸውም።

አራት ዓመት በዚህ ሥራ መቆየታቸው ዋጋው ትልቅ ነው። ሕግን በመጽሐፍ የሚያውቀው ሰው የሕጉን ውበት ያያል፤ በየቀኑ ሕጉን ይዞ ለሹማምንት መልስ የሚሰጠው ሰው ግን ቀዳዳውን ያያል። አንዱ ዐንቀጽ ከሌላው እንደሚጣላ፥ ከብዙ ዘመን በፊት በቅን ሐሳብ የተጻፈው ቃል ዛሬ ሰውን እንደሚጐዳ የሚታየው ከዚህ ወንበር ላይ ነው። ጉድለቱን የሚያየው ሰው ግን ሊያቃናው ሥልጣን የለውም፤ ሥልጣኑ ያለው በምክር ቤቱ ነው።

ይህም ሥልጣን በ1969 ዓ.ም. መጣላቸው። ከፊንክስ ከተማ የተመረጡ አንዲት ሴት የምክር ቤት አባል በዋሺንግተን ለፌዴራል መንግሥት ሥራ ሲሾሙ ወንበራቸው ባዶ ስለ ሆነ፥ ወይዘሮ ሳንድራ ተተክተው ገቡ። ታላቁ ልጃቸው ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ዓመት ገደማ፥ ታናሹ ሰባት ዓመት ሆኖት ነበር። በ1970ና በ1972 ዓ.ም. ደግሞ በሕዝብ ድምፅ ተመረጡ። ምክር ቤቱ ቀድሞ በአገራችን የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት ይባል እንደ ነበረው ያለ ሲሆን፥ ቍጥሩ ሠላሳ ሰው ነው። በ1972 ዓ.ም. መጨረሻ የፓርቲያቸው አባሎች የብዙኃኑ መሪ እንዲሆኑ መረጡአቸው። በተባበሩት መንግሥታት ሁሉ ውስጥ በማናቸውም ግዛት የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት እንዲህ ላለ መሪነት የበቃች ሴት ከዚያ በፊት አልነበረችም።

ስለ አሠራራቸው ከሚነገረው ሁሉ እኛን ደስ ያሰኘን የነጠላ ሠረዙ ነገር ነው። አንድ ረቂቅ ሕግ ሊጸድቅ በቀረበ ጊዜ ወይዘሮዪቱ ተነሥተው የማሻሻያ ሐሳብ አቀረቡ፤ ማሻሻያውም አንዲት የጐደለች ነጠላ ሠረዝ ትግባ የሚል ነበር። የሳቁባቸው አልጠፉም። ነገር ግን በጽሕፈት ሥራ የኖራችሁ አንባቢዎቻችን ታውቁታላችሁ፤ በአማርኛችን አንዲት ፊደል ጠብቃ ወይም ላልታ በመነበቧ የቃል ፍቺ እንደሚለወጥ፥ በእንግሊዝኛም አንዲት ነጠላ ሠረዝ ርስት ታስነቅላለች፥ ርስትም ታስመልሳለች። በዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት አራት ዓመት የሠራ ሰው ይህን አይረሳም።

ከሕጎቹ ሁለቱን እንጥቀስ። ከ1913 ዓ.ም. ጀምሮ በአሪዞና ሴት ሠራተኛ በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ እንዳትሠራ የሚከለክል ሕግ ነበር። ሕጉ የወጣው ሴቶችን ከድካም ለመጠበቅ ነው፤ ክፉ ሐሳብ አልነበረበትም። ነገር ግን ዘመኑ ተለውጦ ትርፍ ሰዓት የሚሠራ ሰው ትርፍ ደመወዝና ሹመት የሚያገኝበት ጊዜ ሲመጣ፥ ጠባቂው ሕግ አጥር ሆነ። ባል የሞተባት እናት ለልጆቿ ጥቂት ገንዘብ ልጨምር ብትል ሕጉ እጇን ይዞ ይከለክላት ነበር። ወይዘሮ ሳንድራ ይህ ሕግ እንዲሻር ደክመው አስሻሩት።

ሁለተኛው የባልና ሚስት ሀብት ነገር ነው። አሪዞና ቀድሞ የሜክሲኮ አገር ክፍል ስለ ነበረ፥ ከእስፓኝ ሕግ የወረሰው አንድ ልማድ አለ፤ ይኸውም በጋብቻ ውስጥ የተገኘው ሀብት የሁለቱ የጋራ ነው የሚል ነው። በአገራችን ሀብትሽ በሀብቴ ተባብለው እንደሚጋቡት ያለ መሆኑ ነው። ይሁን እንጂ ሀብቱ የጋራ ነው ከተባለ በኋላ፥ ገንዘቡንና ከብቱን፥ ሌላውንም ተንቀሳቃሽ ዕቃ ሁሉ የማስተዳደርና የመሸጥ ሥልጣን ለባል ብቻ የተሰጠ ነበር። ሚስት በስም ባለቤት፥ በሥራ ግን እንግዳ ነበረች። በ1973 ዓ.ም. በወጣው ሕግ ባልና ሚስት የጋራ ሀብታቸውን በእኩል ሥልጣን እንዲያስተዳድሩ ተወሰነ። ለዚህ ከደከሙት መካከል ዋነኛዋ የብዙኃኑ መሪ ነበሩ። እንዲህ ያለው ሕግ በጋዜጣ የፊት ገጽ አይወጣም፤ በየቤቱ ግን ይገባል።

ሥራቸው ሁሉ በድል የተፈጸመ ነው ብለን ግን አንባቢን አናሳስትም። በመጋቢት 1972 ዓ.ም. በዋሺንግተን ያለው ታላቁ ምክር ቤት የወንድና የሴት መብት እኩል ይሁን የሚል የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ለግዛቶች በላከ ጊዜ፥ ወይዘሮ ሳንድራ ወዲያው ተነሥተው አሪዞና ትቀበለው ብለው ነበር። ተቃውሞው እየበረታ ሲሄድ ግን ነገሩ በኮሚቴ ውስጥ ተዳፍኖ ቀረ፤ እሳቸውም የብዙኃኑ መሪ ሆነው ሳሉ በግልጥ አልተሟገቱለትም። ለሴቶች መብት የሚከራከሩት አዘኑባቸው። እኛ ስንመዝነው፥ እሳቸው የማይሸነፍ ግንብ ከመግፋት ይልቅ ትንንሹን በር አንድ በአንድ መክፈትን የመረጡ ሰው ነበሩ። ይህ ማስተዋል ነው የሚል አለ፤ ፍርሃት ነው የሚልም አለ። ለሁለቱም ማስረጃ ይገኛል።

ፈሪ እንዳልነበሩ የሚያሳይ አንድ ነገር ግን እንጨምር። በምክር ቤቱ ውስጥ ጧት ጧት መጠጥ የሚያበዛ አንድ የኮሚቴ ሊቀ መንበር ነበረ። ወይዘሮዪቱ ይህን ባነሡበት ጊዜ ሰውዬው ተቈጥቶ፥ «ወንድ ብትሆኚ ኖሮ አፍንጫሽን እመታሽ ነበር» ቢላቸው፥ «አንተ ወንድ ብትሆን ኖሮ ትመታኝ ነበር» ብለው መለሱለት።

ቍጣ ግን ልማዳቸው አልነበረም፤ ዋናው መሣሪያቸው ማዕድ ነው። ባልና ሚስቱ ከፊንክስ ከተማ አጠገብ ፓራዳይዝ ቫሊ በሚባለው ሥፍራ በፀሐይ ከደረቀ የጭቃ ጡብ አንድ ቤት አሠርተው ነበር። ቤቱ ሲሠራ ግድግዳው አፈር እንዳያራግፍ ቅባቱ የወጣለትን ወተት ራሳቸው እየቀቡት ነው ያጠነከሩት። ምክር ቤቱ በበጀት ወይም በሌላ ነገር ተከራክሮ መስማማት ሲያቅተው፥ ወይዘሮ ሳንድራ የሪፐብሊካኑንም የዲሞክራቱንም አባሎች ወደዚህ ቤት ጠርተው በጓሮው ዙሪያ አስቀምጠው፥ በገዛ እጃቸው ያሰናዱትን የሜክሲኮ ምግብ ከቢራ ጋር ያቀርቡላቸው ነበር። በምክር ቤት የማይነጋገሩት ሰዎች በማዕድ ዙሪያ ይነጋገራሉ። በአገራችንም ቢሆን ሽማግሎች ጠበኞችን ካስታረቁ በኋላ አብረው እንዲበሉ ያደርጋሉ፤ ወይዘሮዪቱ ግን ምግቡን ከዕርቁ ያስቀድሙት ነበር።

በ1974 ዓ.ም. ለምክር ቤቱ እንደገና መወዳደሩን ትተው ፊንክስ በሚገኝበት በማሪኮፓ አውራጃ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኝነት ተወዳደሩና ተመረጡ። አንድ የሚያስገርም ነገር አለበት። ዳኛ በፖለቲካ ውድድር መመረጡ ቀርቶ በችሎታው ተመዝኖ እንዲሾም የሚያዝዘውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከደገፉት አንዷ እሳቸው ነበሩ፤ ሕዝቡም ማሻሻያውን ያጸደቀው በዚያው በ1974 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ እሳቸው በአሮጌው በር ሲገቡ፥ በሩ ከኋላቸው ተዘጋ።

ሕግ ማውጣትና መፍረድ ምን ያህል እንደሚለያዩ የታያቸው በዚህ ችሎት ይመስለናል። አንድ ጊዜ ሁለት ልጆች ያሏት እናት በሐሰተኛ ቼክ ገንዘብ ማጭበርበሯን አምና ቀረበች፤ ስለ ልጆቼ ብላችሁ ማሩኝ እያለችም ለመነች። ዳኛዪቱ ግን፥ የተማርሽና የሥራ ችሎታ ያለሽ ሆነሽ ሳለ ይህን ማድረግ አይገባሽም ብለው የእስራት ፍርድ ፈረዱባት። ከችሎት ተነሥተው ወደ ክፍላቸው በገቡ ጊዜ ግን እንባቸውን መግታት አልቻሉም። በምክር ቤት ሲቀመጡ ሕጉ የሚነካው ሰው ሁሉ በቍጥር ነበር፤ እዚህ ግን በስም ተጠርቶ ከፊታቸው ቆመ።

በ1979 ዓ.ም. የዲሞክራት ፓርቲ ሰው የሆኑት አገረ ገዢ ብሩስ ባቢት ለግዛቱ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ሾሙአቸው። በ1981 ዓ.ም. ደግሞ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን በምረጡኝ ዘመቻቸው ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ሴት እሾማለሁ ብለው የገቡትን ቃል የሚፈጽሙበት ጊዜ ደረሰ። ከዋሺንግተን የተላኩት የመንግሥት የሕግ ሰዎች ሊመረምሩአቸው ወደ ፊንክስ በመጡ ጊዜ በዚያው በጭቃ ጡብ ቤት ምሳ አበሏቸው። ከፕሬዚዳንቱም ጋር ሲገናኙ ስለ ሕግ ብቻ ሳይሆን ስለ ፈረስና ስለ ከብት ርቢ ተጨዋወቱ። ሹመቱ ሲገለጥ፥ በ1970 ዓ.ም. በአሪዞና ምክር ቤት ፅንስ ማስወረድን ስለሚመለከት ረቂቅ የሰጡት ድምፅ ተቃዋሚዎችን አስነሣባቸው። የሕግ አውጪ ድምፅ በመዝገብ ተጽፎ ሰውየውን ይከተለዋል። ቢሆንም መስከረም 21 ቀን በዋሺንግተን ያለው የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት 99 ለባዶ በሆነ ድምፅ አጸደቀላቸው፤ መስከረም 25 ቀንም ማሉ። ባለቤታቸው አቶ ጆን በፊንክስ የነበራቸውን የተደላደለ የጥብቅና ሥራ ትተው አብረዋቸው ወደ ዋሺንግተን ሄዱ። ቀድሞ ሚስት ባልን ተከትላ ጀርመን ሄዳ ነበር፤ አሁን ተራው የባል ሆነ።

ስለ ሃያ አራቱ ዓመት የጠቅላይ ፍርድ ቤት ዘመን ብዙ ስለ ተጻፈ እኛ አናበዛም። በ1982 ዓ.ም. ከጻፉአቸው የመጀመሪያ ታላላቅ ፍርዶች በአንዱ፥ በሚሲሲፒ የሴቶች ዩኒቨርሲቲ የአስታማሚነት ትምህርት ለመማር የፈለገ ወንድ ወንድ በመሆኑ ብቻ ሊከለከል አይገባም ብለው ፈረዱ። በቤት ውስጥ ሦስት ወንድ ልጆች ያሳደጉ እናት መሆናቸውን ስናስብ ነገሩ ይበልጥ ደስ ይለናል። አብረዋቸው ከተቀመጡት ዳኞች መካከል በሕዝብ ተመርጦ ሕግ ያወጣ ሌላ ሰው አልነበረም። በዘጠኝ ዳኞች መካከል አምስት ድምፅ እንዴት እንደሚገኝ የሚያውቁ፥ ከሁለቱ ወገን መካከለኛውን መንገድ የሚፈልጉ ስለ ነበሩ፥ በብዙ ታላላቅ ነገር ፍርዱ የሚያዘነብለው እሳቸው ባዘነበሉበት ነበር። በ1992 ዓ.ም. ስለ ፅንስ ማስወረድ መብት፥ በ2003 ዓ.ም. ደግሞ ዩኒቨርሲቲዎች ተማሪ ሲመርጡ ዘርን ስለ መመልከታቸው የተሰጡት ፍርዶች የእሳቸው እጅ የታየባቸው ናቸው። የመጀመሪያው በ2022 ዓ.ም. ተሻረ፤ የሁለተኛውም መሠረት በ2023 ዓ.ም. ፈረሰ። በአሪዞና ለባልና ለሚስት ሀብት የተተከለው ሕግ ግን ዛሬም ቆሞአል።

አሁን ወደ ቤታቸው እንመለስ። አቶ ጆን በ1990 ዓ.ም. ገደማ የመርሳት ሕመም፥ ሐኪሞች አልዛይመር የሚሉት፥ ያዛቸው። ሕመሙ ሲጸና ብቻቸውን ከቤት መተው የማይቻል ሆነ፤ ዳኛዪቱም ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እየወሰዱ በክፍላቸው ውስጥ አስቀምጠዋቸው ይሠሩ ነበር። ሐምሌ 1 ቀን 2005 ዓ.ም. ባለቤቴን ላስታምም ብለው ሥራቸውን እንደሚለቁ አስታወቁ፤ በጥር ወር 2006 ዓ.ም. መጨረሻም ለቀቁ። የሚያሳዝነው፥ ወንበሩን ከለቀቁ በኋላ በዚያው ዓመት ሕመሙ እጅግ ስለ ጠና አቶ ጆንን በቤት ማኖር አልተቻለም፤ በፊንክስ ወደሚገኝ የሕሙማን መኖሪያ ገቡ። እዚያም ሚስታቸውን ዘንግተው ከአንዲት እንደሳቸው ከታመመች ሴት ጋር ተወዳጁ። ወይዘሮ ሳንድራ ሲጠይቁአቸው በሄዱ ጊዜ የሴቲቱን እጅ ይዘው ተቀምጠው አገኙአቸው። ቤተ ሰቡ ይህን ነገር በ2007 ዓ.ም. ሳይሸሽግ ለሕዝብ ገለጠ፤ ወይዘሮዪቱም በጭንቀት ፈንታ ደስታ ስላገኙልኝ ደስ ብሎኛል ማለታቸው ተሰማ። በግንቦት ወር 2008 ዓ.ም. በዋሺንግተን ምክር ቤት ኮሚቴ ፊት ቀርበው፥ ሕሙማንን የሚያስታምሙ ቤተ ሰቦች የሚሸከሙትን ሸክም አስረዱ። አቶ ጆን በኅዳር ወር 2009 ዓ.ም. ዐረፉ።

በዚያው ዓመት ወይዘሮ ሳንድራ ልጆች የመንግሥትን አሠራር የሚማሩበት አይሲቪክስ የሚባል ድርጅት አቋቋሙ። በ2018 ዓ.ም. ደግሞ እሳቸውም የመርሳት ሕመም እንደ ጀመራቸው፥ ምናልባትም አልዛይመር ሳይሆን እንዳልቀረ፥ በደብዳቤ ለአገሩ ሕዝብ አስታውቀው ከአደባባይ ተለዩ። ታኅሣሥ 1 ቀን 2023 ዓ.ም. በ93 ዓመታቸው በፊንክስ ዐረፉ።

የጭቃ ጡቡ ቤት ሊፈርስ ሆኖ ነበር፤ ቦታው ለሌላ ሕንፃ ተፈልጎ ነበርና። ወዳጆቻቸው ግን ገንዘብ አዋጥተው በ2009 ዓ.ም. ቴምፒ በሚባለው ከተማ በፓፓጎ መናፈሻ ውስጥ ጡቡን ደርድረው እንደገና ሠሩት። የተለያየ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ተቀምጠው የሚመካከሩበት አዳራሽም ሆነ።